ስታጎነብስ የሚያብጥ፣ ስትቆም የሚጠፋ

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከግንባሯ በላይ፣ ጠጉሯ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መሐል ለመሐል ለስላሳ እብጠት አለባት። እግሯን ለመታጠብ ስታጎነብስ ወይም ስታለቅስ የሎሚ ግማሽ ያክላል፤ ቀና ስትል ይጠፋል። አያቷ ሕፃን ሳለች ከአልጋ ወድቃ ስለነበር ነው ትላለች። ጎረቤት ዋግምት ይደረግላት ብሎናል። አንድ ክሊኒክ «የስብ እብጠት ነው፤ በማደንዘዣ መርፌ በቀላሉ ይወጣል» ብሎ ቀጠሮ ሰጠን። ሌላ ቦታ ሲቲ ስካን ተነሥታ ውጤቱ «ሳይነስ ፔሪክራኒ ሊሆን ይችላል» ይላል። ይህ ምንድን ነው? ካንሰር ነው? ወደ አንጎሏ ይገባል? ቀዶ ሕክምና የግድ ነው? ውጭ አገር ልወስዳት ይገባል? (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎችዎን በየተራ እመልሳለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የክሊኒኩን ቀጠሮ ይሰርዙ፣ ዋግምቱንም ይተዉት። በዚህ እብጠት ውስጥ ደሙ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚመረምር ሐኪም ሳያየው ምላጭም፣ መርፌም፣ የዋግምት ቀንድም አይንካው። ይህን ካደረጉ በኋላ እፎይ ይበሉ። ሪፖርቱ የጠረጠረው ነገር ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሌሊት ተነሥተው የሚሮጡለት ድንገተኛ ሕመምም አይደለም። ጊዜ አለን።

ሙያዬ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ነው። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ሕመም ያየሁት በጣቶቼ ቆጥሬ በምጨርሰው ልክ ነው። ብዙ ሐኪሞች ሙሉ የሥራ ዘመናቸውን ሳያዩት ያሳልፋሉ፤ ስለዚህ የክሊኒኩ ባለሙያ ስብ ነው ማለቱ አያስገርመኝም። የሚያሳስበኝ ቀጠሮው ነው። ስብ ነው ብሎ መሳሳት ይታረማል፤ ስብ ነው ብሎ መክፈት ግን ለማረም ጊዜ አይሰጥም።

እርስዎ ደግሞ ሳያውቁት ግማሹን ምርመራ ሠርተውታል። «ስታጎነብስ ያብጣል፣ ቀና ስትል ይጠፋል» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከብዙ የደም ምርመራ ውጤት የበለጠ ይናገራል። ስብ ልጅ ስላጎነበሰች አይተልቅም፤ ቡግንጅም ስለቆመች አይጠፋም። በአካል አቀማመጥ የሚሞላና የሚጎድል ነገር ፈሳሽ ነው፤ የሚሄድበትም መንገድ አለው።

መንገዱን ላሳይዎ። ስሙ ራሱ «ቅል» ነውና የራስ ቅል ቀዳዳ የሌለው ዝግ ዕቃ ይመስለናል። ግን አይደለም። አጥንቱ ሁለት ጠንካራ ገጾች አሉት፤ በመካከላቸው እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ንብርብር አለ፤ በዚያ ውስጥ ቀጫጭን ደም መልስ ሥሮች ይተላለፋሉ። አንዳንዶቹ አጥንቱን ከውስጥ ወደ ውጭ በስተው የአንጎልን ደም መልስ ሥሮች ከራስ ቆዳ ሥሮች ጋር ያገናኛሉ። እነዚህ በእርስዎም በእኔም ራስ ላይ አሉ። ከቅንድብዎ መሐል ተነሥተው ጣትዎን በግንባርዎ፣ በመሐል አናትዎ አድርገው ወደ ማጅራትዎ ቢያወርዱ፣ ከአጥንቱ ሥር ጣትዎን ተከትሎ የሚሄድ ትልቅ የደም ቦይ አለ። የአንጎል የላይኛው ክፍል ደሙን ወደዚህ ቦይ ያፈስሳል፤ ቦዩ ወደ ኋላ ወስዶ በአንገት ሥሮች በኩል ወደ ልብ ይመልሰዋል። በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ በደቂቃ ወደ 750 ሚሊ ሊትር ደም ያልፋል፤ የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። ይህን ቁጥር ያስታውሱልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳይነስ ፔሪክራኒ ማለት ከዚህ ትልቅ ቦይ ተነሥቶ፣ ከልክ በላይ በሰፉ የአጥንት ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በራስ ቅሉና በቆዳው መካከል የሚጠራቀም የደም መልስ ሥሮች ከረጢት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መሐል ለመሐል ወይም ከመሐሉ ትንሽ ዘወር ብሎ ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚዘወተረው ደግሞ እርስዎ በጠቀሱት በግንባር በኩል ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1850 ያወጣው ሉዊስ ሽትሮማየር የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ይኸው ሰው ቆልማማ እግር ያለባቸውን ልጆች ጅማት በትንሽ ቀዳዳ ቆርጦ በማቃናት አስቀድሞ ታውቆ ነበር። በእጁ አንጂዮግራፊ (ደም ሥር ውስጥ ቀለም ረጭቶ የሚነሣ ምስል) አልነበረም፣ ራጅ እንኳ ገና አልተፈለሰፈም፤ እብጠቱ ከውስጥ ካለው የደም ቦይ ጋር እንደሚገናኝ የተረዳው በዓይኑና በጣቱ ነበር። ዛሬም ምርመራው የሚጀምረው ከዚያው ነው።

አንዲት ልጅ እንዲህ ያለ እብጠት ይዛ ስትመጣ የማደርገውን ልንገርዎ። መጀመሪያ እናቷ ጭን ላይ ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች አያታለሁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፤ ቆዳው ትንሽ ለቀቅ ያለ፣ አንዳንዴ ሰማያዊ ጥላ ያለበት ነው። በሌባ ጣቴ ጫፍ በዝግታ ስዳስስ አጥንቱ ላይ ምስር የምታርፍበት ያህል ትንሽ ጎድጓዳ ትገኛለች፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ይሆናሉ። ከዚያ አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኝቼ ራሷን ከትከሻዋ ትንሽ ዝቅ አደርጋለሁ፤ እናትየዋ ታወራታለች፣ እኔ እመለከታለሁ። ቆዳው ቀስ ብሎ ይነሣል፤ አይዘልም፣ አይመታም፣ ውሃ የሚሞላ አቁማዳ ይመስል በእርጋታ ይሞላል። መዳፌን ሳሳርፍበት ከልብ ምት ጋር የሚዘል ነገር አይሰማኝም፤ በማዳመጫም ሹክሹክታ የለውም። ስጫነው ያለ ሕመም ይጎድላል፤ ስለቀው ይመለሳል። ቀና አድርጌ ሳስቀምጣት ከዓይኔ ሥር ይሰጥማል። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ስንቆም ደሙ ከራሳችን ወደ ልብ ቁልቁል ይወርዳል፤ በራስ ቅል ውስጥ ባሉት ደም መልስ ሥሮች ያለው ግፊት ከአካባቢው አየር ግፊት በታች እስከ መሆን ይደርሳል። ስለዚህ ከረጢቱ ወደ ውስጥ ይጠጣል። ስናጎነብስ ደሙ ወደ ራስ ይከማቻል፤ ስናለቅስ፣ ስናስል፣ ስናምጥ ደግሞ የደረት ግፊት ጨምሮ ደሙ ወደ ልብ የሚገባበትን ያጠብበዋል። በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያሉት ሥሮች በአብዛኛው ደሙን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን የላቸውምና ደሙ ወደ ውጭ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ሐኪምዎ ከዚህ ጋር ሊያሳስቱት የሚችሉትን ነገሮች ማስወገድ አለበት። በጣም የምጠነቀቀው በልደት ጊዜ በራስ ቅል ክፍተት በኩል የአንጎል ሽፋን፣ አንዳንዴም ራሱ አንጎል ወደ ውጭ የወጣበትን እብጠት ነው። ሀገራችን የነርቭ ቧንቧ ጉድለት (የፅንሱ አንጎል ወይም ሕብለ ሰረሰር ሽፋን በማሕፀን ሳይዘጋ የሚቀርበት ሕመም) ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እሱም ልጅ ሲያለቅስ ያብጣል። ልዩነቱ፣ በውስጡ ያለው የአንጎል ፈሳሽ ከሆነ በጨለማ ክፍል ትንሽ የእጅ ባትሪ ሲጠጋበት እንደ ፋኖስ ያበራል፤ ደም ግን አያበራም። መሐል አናት ላይ ደግሞ የከሰመ ዓይነቱ አለ፦ ትንሽ፣ ጠጉር የሌለበት፣ ዙሪያውን ረዘም ያለ ጠጉር እንደ ቀለበት የከበበው። ይህንም ኤምአርአይ ሳይነሣ መንካት አይገባም።

ሌላው ሕፃናት እርግብግቢታቸው ባለበት ቦታ ላይ የሚወጣ፣ ከልደት ጀምሮ ያለ የፈሳሽ ከረጢት ነው። ይህን በሚገባ የገለጹት አፍሪካውያን ናቸው፤ ኢባዳን የነበሩት ናይጄሪያውያን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች አዴሎላ አዴሎዬና ላቱንዴ ኦዴኩ እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፈውበታል፤ ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራል። ይህን የማነሣው የልጅዎ እብጠት የሚገኝበት ቦታ ከዚያ ስለማይርቅ ነው። ያ ከረጢት ግን በቆመችም በተኛችም ጊዜ ያው ነው፤ ሲያወጡትም እንደ ዕንቁላል ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ልጁም ይድናል። የልጅዎ እብጠት ስትቆም ስለሚጠፋ ወደዚህኛው አያዘነብልም።

«ሄማንጂዮማ» የሚለውን ቃልም ሊሰሙ ይችላሉ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለብዙ ዘመን ከደም ሥር የተሠራ እብጠት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ልጆች የማይገባቸውን ሕክምና ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ሙሊከንና ጁሊ ግሎዋኪ ሁለት ወገን አድርገው ለዩዋቸው፦ ሴሎቻቸው እየተባዙ የሚያድጉ ዕጢዎችና አፈጣጠራቸው የተዛባ ሥሮች። የሕፃናት ሄማንጂዮማ ከመጀመሪያው ወገን ነው፤ ሲወለዱ የለም ወይም ነጥብ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በፍጥነት ያድጋል፤ ከዚያ በዓመታት ውስጥ ይከስማል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፈረንሳይ ቦርዶ ውስጥ ፕሮፕራኖሎል የተባለው የልብ መድኃኒት እንደሚያከስመው ከታወቀ ወዲህ ሕክምናው ቀሎለታል። ሳይነስ ፔሪክራኒ ከሁለተኛው ወገን ነው። የሚባዛ ሴል የለውም፤ ስለዚህ ፕሮፕራኖሎል ቢሰጡት ምንም አይለወጥም፤ ልጅዋ ግን ያለ ጥቅም የልብ መድኃኒት ትወስዳለች። ስሙን በትክክል መጥራት አለብን የምለው ከስሙ መድኃኒቱ ስለሚከተል ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። እብጠቱ ከልብ ምት ጋር የሚዘል፣ በማዳመጫ የሚያጉረመርም ቢሆን ኖሮ ደም ቅዳ ሥር የተቀላቀለበት ሌላ ሕመም ነው፤ በጆሮ ግንድ በኩል ከተመታ ሰው ላይ ከሳምንታት በኋላ የሚወጣውም ከዚህ ጋር ይቆጠራል። ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወድቆ የራስ ቅሉ ከተሰነጠቀ በኋላ ስንጥቁ እየሰፋ የሚሄድበት ሁኔታም አለ። አጥንቱ ውስጥ የሚያድገው የደም ሥር እብጠት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጎልማሳ ሴቶች ላይ የሚታይ፣ ጠንካራና ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው፤ በሲቲ ስካን የፀሐይ ጨረር ወይም የጋሪ ጎማ መስሎ ይታያል። አንዱም ልጅዎን አይመስልም።

አሁን ወደ ሲቲ ስካኑ። ሲቲ ስካን አጥንትን ለማየት ተወዳዳሪ የለውም፤ ቀዳዳዎቹን አሳይቷል፤ ይበል። ሆኖም ምስሉ ሲነሣ ልጅዎ በጀርባዋ ተኝታ፣ ራሷ በማሽኑ ትራስ ላይ ከፍ ብሎ ስለነበር ከረጢቱ ባዶ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ብዙ ጊዜ «እብጠት አልታየም» የሚል ሪፖርት የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ቀጣዩ እርምጃ ዶፕለር ያለው አልትራሳውንድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ደሙ ሲፈስስ በቀለም ያሳያል፣ ልጅቷንም አስቀምጦና አጎንብሶ ማየት ይቻላል። ከዚያ የደም መልስ ሥሮችን የሚያሳይ፣ በመርፌ ቀለም የሚሰጥበት ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ሲያዝዙላት ለሐኪምዎ «ራሷ ዝቅ ብሎ ይነሣላት» ብለው ያስታውሱት፤ ይህን ማለት ድፍረት አይደለም።

ኤምአርአዩ የሚፈለገው ስሙን ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም። የነገሩ ሁሉ ልብ እዚህ ነው። ከላይ ያስታውሱልኝ ያልሁት 750 ሚሊ ሊትር የሚወጣበት መንገድ ከሰው ሰው ይለያያል። ለአንዷ ልጅ ይህ ከረጢት ትርፍ መንገድ ነው፤ ትንሽ ደም ይወጣበታል፣ ዋናው ደም በውስጥ ቦዩ ይሄዳል። ለሌላዋ ግን የውስጡ ቦይ ጠባብ ወይም ከጅምሩ ያልተሠራ ይሆንና፣ የአንጎሏ ደም ዋና መውጫ ይኸው ቆዳዋ ሥር የምናየው እብጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓሪስ ውስጥ ፒየር ላዥውንያስና ባልደረቦቹ 15 ሕሙማንን አጥንተው ይህን ልዩነት ግልጽ አድርገው አስቀምጠዋል፦ ዋና መንገድ የሆነው አይነካም፤ ትርፍ የሆነው እንደ ሁኔታው ሊታከም ይችላል። ለመስኖ ቦይ እንኳ አርሶ አደር ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ አፉን አይደፍንም። ዋናው መንገድ ከተዘጋ ደሙ አንጎል ውስጥ ይታቆራል፤ አንጎል ያብጣል ወይም ይደማል። በውጭ የታየው እብጠት ጠፍቶ ልጅ ትጎዳለች ማለት ነው።

ይህን ልዩነት ኤምአርአይ በብዙ ልጆች ላይ ይመልሰዋል። ካልመለሰው ወይም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ አንጂዮግራፊ ይደረጋል፦ ከብሽሽት በገባ ቀጭን ቱቦ ቀለም ወደ አንጎል ደም ቅዳ ሥሮች ይረጫል፤ ቀለሙ አንጎሉን አልፎ ሲመለስ በየት በኩል እንደሚወጣ በሰከንድ በሰከንድ ይታያል። ትዕግሥት የሚጠይቀው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ቶሎ የተቋረጠ ምስል የመመለሻውን መንገድ አያሳይም። አንጂዮግራፊ በሁሉም ቦታ የሚገኝ ምርመራ አይደለም፤ ሁሉም ልጅ ግን አያስፈልገውም። ለመከታተል ብቻ ከሆነ እኔ አላዝዝም።

ከዚሁ ጋር አብረው የሚመጡ ሦስት ነገሮችንም እፈልጋለሁ። አንደኛው በምስሉ ላይ በአንጎሉ ውስጥ የሚታይ፣ አፈጣጠሩ ለየት ያለ ደም መልስ ሥር ነው፤ ሲታይ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ጤናማውን የአንጎል ክፍል ደም የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ፈጽሞ አይነካም። ሁለተኛው የራስ ቅል መጋጠሚያዎች ያለጊዜያቸው መዘጋታቸው ነው። ዓይናቸው ወደ ፊት የወጣና የራሳቸው ቅርጽ የተለወጠ፣ ለምሳሌ ክሩዞን የተባለው ሁኔታ ያለባቸው ልጆች፣ የአንገታቸው ሥር የሚወጣበት ቀዳዳ ሊጠብብ ስለሚችል ደማቸው ተገድዶ በእነዚህ ውጫዊ ሥሮች ይወጣል። ሦስተኛውን የማየው በምስሉ ላይ ሳይሆን በቆዳዋ ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ እንደ ጎማ የሚለጠጡ ሰማያዊ ጉብታዎች ካሏት፣ በተለይም ደም ማነስ ካለባት፣ አንጀቷም መመርመር አለበት። ልጅዎን ሲያጥቡ አንድ ጊዜ ከራስ እስከ እግር በደንብ ይመልከቷት።

ዋግምትና ምላጭ አይንካው ብዬ የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ የአራት ዓመት ልጅ ወደምሠራበት ሆስፒታል ሲመጣ አባቱ አቅፎት ነበር። የልጁ ራስ በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ነጠላው በደም ርሶ ነጭ ሆኖ የቀረው ጥለቱ አካባቢ ብቻ ነበር። ቡግንጅ ነው ተብሎ ተበጥቶ ነው። አባትየው አውራ ጣቱን ነጠላው ላይ ተጭኖ ነበርና እኔ ለማየት ላነሣው ስል «ዶክተር፣ ሳነሣው ይመጣል» አለኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ በመኪና ሲመጣ ጣቱን አላነሣም። ልጁን ያተረፈው ያ ጣት ነው። ቁስሉ ከዳነ በኋላ የተነሣው ኤምአርአይ የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደም አብዛኛው በዚያው በተበጣው መንገድ እንደሚወጣ አሳየን። እንግዲህ ያን ቀን በድንጋጤ ሥሩን ቋጥሬ ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

18 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በሰውነቱ ያለው ደም 1.3 ሊትር ገደማ ነው፤ 250 ሚሊ ሊትር ቢፈስስ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ሌላም አደጋ አለ። ስትቆም እብጠቱን የሚያጠፋው ያው ዝቅተኛ ግፊት፣ ሥሩ ተከፍቶ ሳለ አየር ከውጭ ይስባል፤ አየሩ ልብ ከደረሰ ሕይወትን ያሰጋል። በመርፌ ቀድቶ መመርመርን የምከለክለውም ለዚህ ነው። በአገራችን ለማንኛውም እብጠት መርፌ አስገብቶ ናሙና መውሰድ የተለመደ ነው፤ ለአንገት ዕጢ ተገቢ ነው፤ መሐል ግንባር ላይ ላለ፣ ስታጎነብስ ለሚሞላ እብጠት ግን የመጀመሪያው ምርመራ ሊሆን አይገባም።

ቀዶ ሕክምናው የግድ ነው ወይ? አይደለም። ልጅዎ የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከሌለባት፣ እብጠቱ ካላደገ፣ ቆዳውም ካልሳሳ፣ የእኔ ምክር መከታተል ነው። አንዳንዱ በራሱ የሚከስምበት ጊዜም አለ። በየስድስት ወሩ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ብርሃን፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ይዘው፣ አጎንብሳና ቆማ ፎቶ ያንሷት፤ ይህ ከማንኛውም ትውስታ ይበልጣል። ትርፍ መንገድ መሆኑ ከተረጋገጠና እያደገ ከሄደ፣ ሊደማ የሚችል ከሆነ ወይም መልኳ እያሳፈራት ከጓደኞቿ የምትሸሽ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምናው ተገቢ ነው። መልክ ለልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ከረጢቱ ከአጥንቱ ላይ ይነሣል፤ ቀዳዳዎቹ በአጥንት ሰም ይደፈናሉ። ሥራው ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን ደም ተዘጋጅቶ፣ አየር መሳብን በትንፋሽ መለኪያ የሚከታተል ሰመመን ሰጪ ባለበት፣ በአንጎል ቀዶ ሐኪም እጅ ብቻ ነው የሚሠራው። በቱቦ ገብቶ ከውስጥ የሚዘጋበት መንገድም አለ፤ እሱም ያንኑ የመንገድ ጥያቄ አስቀድሞ መመለስ አለበት።

ውጭ አገርን በተመለከተ፣ ለመከታተል አውሮፕላን አያስፈልግም፤ ቤትዎን እንዳይሸጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ጋር ተባብሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመረቁት ከአዲስ አበባ ውጭም ይሠራሉ። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ወረቀቱን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይጠይቁና ይውሰዱ፤ ሪፖርት የአንድ ሰው አስተያየት ነው፣ ምስሉ ግን ለሁላችንም ይናገራል። በስልክዎ ደግሞ ስታጎነብስ እብጠቱ ሲሞላ፣ ስትነሣ ሲጠፋ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ያንሱ። ሐኪሙ ክፍል ስትገባ እብጠቱ ተደብቆ ሊቆይባችሁ ይችላልና።

አያቷ ስለ ውድቀቱ ያሉት ከንቱ አይደለም፤ ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ዓይነትም አለ። ነገር ግን ከአልጋ የማይወድቅ ሕፃን የለም፤ ይህ ሕመም ደግሞ በብዙዎቹ ልጆች ላይ ከማሕፀን የመጣ ነው። በሲቲው ላይ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ለስላሳና ክብ ከሆነ፣ አጠገቡም የተሰነጠቀ አጥንት ካልታየ፣ የመጣው ከውድቀቱ ሳይሆን ከአፈጣጠሯ ነው። በሕፃንነቷ እርግብግቢቷ ላይ ያደረጉት ቅቤም፣ የያዙበት ሁኔታም አላመጣውም። ይህን ለአያቷም ይንገሩልኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በልባቸው ይዘውት ይሆናል።

ልጅቷ ትጫወት፤ ትሩጥ፤ ትዝለል። ብስክሌት ስትነዳ የራስ ቁር ታድርግ፤ ራስ በራስ የሚያጋጭ ጨዋታ ይቅርባት። ሹሩባ ስትሠራ በዚያ ቦታ ላይ አይጥበቅ፤ የሚዶ ጥርስም አይውጋው። ቢደማ መጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው በመዳፍዎ አጥብቀው ይጫኑ፤ ጫናውን ሳይለቁ ራሷን ከፍ ያድርጉ፤ ቆመ ወይ ብለው ለማየት አያንሡት፤ የቡና ዱቄት አይነስንሱበት፤ እንደተጫኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የማያቋርጥ ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የሚጥል ሕመም ከመጣ፣ ወይም እብጠቱ በድንገት ጠጥሮ ስትቆምም ካልጎደለ በዚያው ቀን ሐኪም ይያት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ልጆች ሲታመሙ የእጃቸው ሥር ከጠፋ ራሳቸው ላይ ጉሉኮስ ይደረግላቸዋል፤ እርስዎም ሁልጊዜ አጠገቧ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ይህን በካርድ ላይ ጽፈው አንዱን ለመምህሯ ይስጡ፣ አንዱን በክሊኒክ ካርዷ ውስጥ ያኑሩ፦ «በግንባሬ ላይ ያለው እብጠት ከአንጎል ደም መልስ ሥር ጋር የተገናኘ ነው። አይበጣ፤ መርፌ አይግባበት፤ ጉሉኮስ አይደረግበት። ቢደማ ተጭናችሁ ሳትለቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱኝ፤ ለእናቴም ደውሉላት።» ከሥሩ የስልክ ቁጥርዎን ይጻፉ።